ሐምራዊ ሁሉ ፋየርዊድ አይደለም

ለ፦ ዘር ለሸጣችሁልኝ የኦንላይን ሱቅ፣ የደንበኞች አገልግሎት
ጉዳዩ፦ በፋየርዊድ ስም ስለተላከልኝ የሌላ ተክል ዘር

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከሲያትል ነው። ባለቤቶቹ ሐበሾች ስለሆናችሁ በአማርኛ ብንነጋገር ይሻላል ብዬ ነው። ከዚህ በፊት የገዛኋችሁ የበሶብላና የጤና አዳም ዘር ጥሩ በቅሎልኛል፤ በዚያ ቅሬታ የለኝም።

ባለፈው ጥቅምት ሁለት ፓኬት የፋየርዊድ (ሐምራዊ አበባ ያለው የዱር ተክል) ዘር በ14 ዶላር ገዛሁ። አበባውን የወደድኩት ሴንት ሄለንስ ተራራ ሄጄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 እሳተ ገሞራው አካባቢውን አመድ ካለበሰው በኋላ ቀድመው ብቅ ካሉት ተክሎች አንዱ እሱ ነበር። ስሙንም ያገኘው እሳት የበላው መሬት ላይ ፈጥኖ ስለሚበቅል ነው። ንቦች በጣም ይወዱታል። ጎረቤቴ ሁለት ቀፎ አለው፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዓይኔ ጠጁ ላይ ነበር።

ገና ከመጀመሪያው የሚያጠራጥር ነገር ነበር። የፋየርዊድ ዘር በነፋስ የሚበረው ጥጥ የመሰለ ፀጉር ስላለው ነው። የእናንተው ምንም የለውም። አጽድተውት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ፓኬቱ ደግሞ «2 ሳንቲሜትር ቅበሩት» ይላል። እንደ ብናኝ የደቀቀ፣ ለመብቀል ብርሃን የሚፈልግ ዘር እንዴት ነው የሚቀበረው? አፈሩ ላይ በትኜ በመዳፌ ጫን ጫን አደረግኩት።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ አበበ። ከሩቅ ያምራል። ቀረብ ስል ግን ግንዱ አራት ማዕዘን ነው፣ ቅጠሎቹም ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ወጥተዋል። የፋየርዊድ ግንድ ክብ ነው፤ ቅጠሉም ተራ በተራ ግንዱን እየዞረ ይወጣል። የአንዱን አበባ ቅጠሎች (ፔታሎች) ቆጠርኩ፦ 6። የፋየርዊድ 4 ነው። የመጨረሻው ማረጋገጫ የቅጠሉ ጅማት ነው። የፋየርዊድ ጅማቶች ጠርዙ ጋ ሳይደርሱ ይታጠፉና እርስ በርስ ይገናኛሉ። አንዴ ያየ ሰው አይሳሳትም። ይሄኛው እንደዚያ አይደለም።

የላካችሁልኝ ፐርፕል ሉስስትራይፍ ነው። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ በአደገኛ አረምነት የተመዘገበና መሸጥ የተከለከለ ተክል ነው። ረግረጋማ ቦታ ከገባ ሌላውን ተክል ያስለቅቃል። አንዱ ብቻውን ከ2 ሚሊዮን በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል። የእኔ ጓሮ ደግሞ ከወንዝ ዳር ነው! ሁለት ቅዳሜ ሙሉ አበባውን እየቆረጥኩ በላስቲክ ስቋጥር፣ ሥሩን ስቆፍር ዋልኩ።

ፎቶ ልኬ ስጠይቅ ሠራተኛችሁ «ሐምራዊ ከሆነ ያው ነው» አለኝ። እንዴት ያው ይሆናል? ፓኬታችሁ ላይ «ቅጠሉ ለሻይ ይሆናል» ተብሎ ተጽፏል። የፋየርዊድ ቅጠል እውነትም ይሆናል፤ ሩሲያዎች አጠውልገው፣ አሽተውና አብላልተው ያደርቁትና ኢቫን ቻይ ይሉታል። እኔም እንደዚያው ላደርግ ነበር። ምንነቱን የማላውቀውን ቅጠል አፍልቼ እንግዳ ባቀርብስ ኖሮ?

14 ዶላሬ ይመለስልኝ። ከሁሉም በላይ ግን ያንን ዘር ከሽያጭ አውጡት። ከእኔ ጋር ለገዙትም ሁሉ ዘር ሳይረግፍ በዚህ ሳምንት ኢሜይል አድርጉላቸው። ፎቶዎቹንና የፓኬቱን ቁጥር አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የሲያትል ደንበኛችሁ