«እማማ፣ ዶሮ ሞቶብዎታል?» ብላ ለጠየቀችው

እማዬ ድናለች። ትናንት እኔ ሳላውቅ ገበያ ወርዳ ጨውና በርበሬ ገዝታ ተመልሳለች አሉኝ። እንግዲህ ልቤ አርፎ ይህን መጻፍ እችላለሁ።

ነገሩ ጳጉሜ ላይ ጀመረ። ከደብረ ሲና ዝቅ ብሎ ባለው ቀበሌያችን የእማዬ ዶሮዎች አንገታቸው እየተጣመመ፣ አረንጓዴ እየቀዘኑ ይሞቱ ጀመር። ከ19ኙ የተረፉት 5 ናቸው። የሞቱትን ገደል ጣለቻቸው። መደበት የጀመሩትን ሁለቱን ግን «ሳይሞቱ በቢላ» ብላ የጎረቤት ልጅ አረደላት። ላባቸውን ነጭታ፣ ገነጣጥላ፣ አጥባ ለእንቁጣጣሽ ወጥ ሠራች። አትፍረዱባት። እንቁላል ሸጣ ጋዝ የምትገዛ ሴት ዶሮዋን ለጅብ አትሰጥም።

ከበዓሉ በኋላ ትኩሳት ያዛት። መጀመሪያ የወሰድናት ክሊኒክ፣ ስሙ ይቅር፣ «ጉንፋን ነው» ብሎ አሞክሳሲሊን ሰጥቶ ሸኘን። በማግስቱ ትንፋሽ አጠራት።

ምስጋናዬ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያችን ይጀምራል። እህቴ፣ አንቺ ስለ ሳሉ ብቻ ጠይቀሽ አልሄድሽም። «እማማ፣ ዶሮ ሞቶብዎታል?» አልሽ። ከታመመ ዶሮ ወደ ሰው የሚተላለፈውን የወፍ ጉንፋን ጠርጥረሽ ነበር። ለካ የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ዶሮ እያለቀ መሆኑን ሰምቶ ቀድሞ ደውሎልሽ ነበር። የከብት ሐኪምና የጤና ባለሙያ ስልክ ባይለዋወጡ ኖሮ ያን ጥያቄ ማን ይጠይቅ ነበር?

ሆስፒታል እንደደረስን ለብቻዋ ክፍል ሰጧት። ከአፍንጫና ከጉሮሮዋ ናሙና ወስደው፣ በበረዶ አሽገው፣ አዲስ አበባ ወደ ኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ላኩት። ኦሴልታሚቪር የሚባለውን መድኃኒት ውጤት ሳይጠብቁ ጀመሩላት፤ ቶሎ ካልተወሰደ ጥቅሙ ይቀንሳል አሉን። ዶክተሩን «የወፍ ጉንፋን ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «አላውቅም። ግን ነው ብዬ ነው የማክማት» አለኝ። እንዲህ ያለ መልስ ሰምቼ አላውቅም። ደነገጥኩም፣ አመንኩትም።

ያን ሌሊት ኮሪደር ላይ ተቀምጬ በስልኬ ማንበቤ ነው ጥፋቴ። በፈረንጆቹ 1997 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ኤች5ኤን1 የሚባለው የወፍ ጉንፋን መጀመሪያ ሰው ላይ ሲገኝ 18 ሰው ይዞ 6ቱን ገደለ። ለማቆም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዶሮ ተወገደ። ከፈረንጆቹ 2003 ወዲህ ኤች5ኤን1 ተገኝቶባቸው ለዓለም ጤና ድርጅት ከተነገሩት ሰዎች ደግሞ ግማሽ ያህሉ ሞተዋል። ምነው ባላነበብኩ! ነርሷ ከእግር እስከ ራሷ ተሸፍና ስትገባ «እኔ ነኝ እማማ፣ የትናንትናዋ» ትላት ነበር። እማዬ አሁንም «ፊቷን ያላየኋት ልጄ» ነው የምትላት።

መንደር ውስጥም እንቅልፍ አልነበረም። ከእማዬ ጋር የተነካካ፣ ዶሮዎቹን የነካ 11 ሰው ተመዘገበ። 10 ቀን ሙሉ ትኩሳታቸው ይለካ ነበር። ከሁሉ በላይ ያሰጋው ያረደላት ልጅ ነበር። እሱ ግን ቴርሞሜትሩን ወዶት ሰዓቱ ሳይደርስ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ገደል የተጣሉትን ዶሮዎች እየለቀሙ፣ ኖራ እያደረጉ የቀበሩትን ልጆች ክብረት ይስጥልኝ። ሽታውን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ውጤቱ መጣ። እማዬ የወፍ ጉንፋን የለባትም፤ የሳንባ ምች ነው። የዶሮዎቹ ናሙና ሰበታ ወዳለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ሄዶ ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ሆነ። «ታዲያ ለፈንግል ነው እንዲህ ያተራመሱን?» ያሉ አልጠፉም። ፈንግልና የወፍ ጉንፋን በዓይን አይለዩም፤ የሚለያቸው ላቦራቶሪ ነው።

የእድራችን ሰዎች፣ ምግብ አጥር ላይ እያስቀመጣችሁ ከሩቅ «እንዴት አደሩ» ስትሉ የነበራችሁ፣ እግዜር ይስጥልን። «ቤታቸው ተዘግቷል፣ አትቅረቡ» ብሎ ወሬ የነዛውን ሰው እማዬ ይቅር ብላዋለች። እኔ ገና ነኝ።

የጤና ኤክስቴንሽኗ እህቴ፣ እማዬ ስድስት እንቁላል ልካልሻለች። «በደንብ ተቀቅሏል በላት» ብላለች።