የኤሌክትሮኒክስ ክበብ፦ ብርሃን ወይስ መዳብ?

ዘንድሮ የክበባችንን አባላት የዚህን ያህል ያከራከረ ጥያቄ አልነበረም፦ ከቴሌቪዥን ወይም ከሲዲ ማጫወቻ ዲጂታል ድምፅ ወደ አምፕሊፋየር ለመውሰድ በብርሃን የሚያስተላልፈው ኦፕቲካል ኬብል ይሻላል ወይስ በመዳብ ሽቦ የሚያስተላልፈው ኮአክሲያል? አብዛኞቹ "ብርሃን ፈጣን ነውና ኦፕቲካል ይበልጣል" አሉ። መልሱን ከመናገር ይልቅ ሰሌዳው ላይ እንዲያሰሉት ጠየቅኋቸው። ሲዲ በእያንዳንዱ ቻናል በሰከንድ 44,100 ናሙና (የድምፁ ቅጽበታዊ ልኬት) አለው፤ አንዱ ናሙና 16 ቢት ነው፤ ቻናሉ ሁለት ነው። ሲባዛ በሰከንድ 1,411,200 ቢት ይመጣል። ይህ ለሁለቱም ኬብሎች ቀላል ነው። የሚያልፍባቸውም መረጃ አንድ ዓይነት ነው፤ ሶኒና ፊሊፕስ ያወጡት፣ ኤስፒዲፍ የሚባለው የዲጂታል ድምፅ ማስተላለፊያ ደንብ ነው።

ክርክሩ የጣመው ግን አሮጌ ኮአክሲያል በምላጭ ስንሰነጥቅ ነው። መሐሉ ላይ መዳብ፣ በዙሪያው ነጭ ፕላስቲክ፣ ከዚያ የተጠላለፈ የሽቦ መረብ፣ በመጨረሻም የውጭ ሽፋን። አንዲት ተማሪ የመሐሉን ሽቦ ሁለት ጫፍ በመልቲሜትር ለካችና ንባቡ ወደ ዜሮ ሲጠጋ፣ "75 ኦም ተብሎ የተጻፈው የታለ?" አለች። የዓመቱ ምርጥ ጥያቄ ይህ ነበር። ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው፤ 75 ኦሙ ግን የሽቦው መቋቋም ሳይሆን ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ ሲግናል በኬብሉ ውስጥ ሲሄድ የሚያጋጥመው ነው። የሚወስነው የመሐሉ ሽቦና የመረቡ ስፋት ንጽጽር፣ እንዲሁም በመካከላቸው ያለው ፕላስቲክ ነው። በባትሪ የሚሠራ መልቲሜትር ሊያየው አይችልም። የኬብሉና የመሣሪያው ኦም ካልተጣጣመ ግን የሲግናሉ ከፊል ጫፍ ላይ ደርሶ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ቶሺባ በ1983 እ.ኤ.አ. ቶስሊንክ ብሎ ያወጣውን ኦፕቲካል ኬብል ለማየት መጋረጃ ዘጋን። ጫፉ ላይ ቀይ ነጥብ ታየች፤ 650 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ብርሃን ነው። አንድ አባል ኬብሉን አጥብቆ ሲያጥፈው ነጥቧ ደበዘዘች፤ ድምፁ ግን እንዳለ ቀጠለ። የበለጠ ሲያጥፈው ድምፁ ተቆራረጠ፣ ከዚያም ጠፋ። ዲጂታል ድምፅ ቀስ በቀስ አይደክምም፤ ተማሪዎቹ ይህን በጆሯቸው አረጋገጡ።

እውነተኛው ልዩነት ኮምፒውተር ስናገናኝ ታየ። በኮአክሲያል ከስፒከሩ የማያቋርጥ ጉምጉምታ ወጣ፤ በኦፕቲካል ስንተካው ጸጥ አለ። ሁለቱ መሣሪያዎች በኃይል መስመሩ ግራውንድ (ከመሬት ጋር በሚያገናኘው ሽቦ) አስቀድመው ተገናኝተዋል፤ የኮአክሲያሉ መረብ ሁለተኛ መንገድ ሲከፍት ኤሌክትሪክ በዚያ ይዞራል። ኦፕቲካል ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር ስለሌለ ዑደቱ ይቋረጣል።

ጉምጉምታ በሌለበት፣ ኬብሎቹን ከመጋረጃ ጀርባ እየቀያየርን ስንሰማ የለየ አልተገኘም። ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው፦ ጉምጉምታ ካለ ኦፕቲካል፤ ኬብሉ የሚረገጥና የሚታጠፍበት ቦታ ከሆነ ኮአክሲያል። ብዙ ኦፕቲካል ሶኬቶች 96 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 96,000 ናሙና) ላይ ስለሚቆሙ፣ 192 ኪሎኸርዝ ለሚፈልግም ኮአክሲያሉ ይሻላል። ዶልቢ ትሩኤችዲ የተባለውን ብዙ ቻናል ያለው የፊልም ድምፅ ሁለቱም አይሸከሙትም፤ ኤችዲኤምአይ ያስፈልጋል። የሚቀጥለው ዓመት አባላት ሥራቸውን ከዚያ ይጀምራሉ።