ድሬ የኖረችው በባቡሩ ድካም ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ድሬዳዋ ሰሞኑን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከጎረቤቴ ጋር በረንዳ ላይ ሆነን አነበብነው። ባጭሩ፣ ባቡሩ ስለተመለሰ ከተማዋም ወደ ድሮዋ ትመለሳለች ነው የሚለው። ጎረቤቴ ሳቀ። «አቦ፣ ይሄ ሰው ከአዲሱ ባቡር ወርዶ ከተማ ለመግባት ሞክሮ ያውቃል?» አለኝ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። አዲሱ ባቡር ሥራ የጀመረ ሰሞን እኔም ያንኑ ብዬ ነበር። ልጆቼን ሰብስቤ «አሁን ታያላችሁ» ብያቸዋለሁ። አዩ። አንዷ አሁን አዲስ አበባ ናት፣ አንዱ ጅቡቲ።

አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ወርክሾፑ ውስጥ፣ ቶርኖ ላይ፣ ብረት በሚቀርጸው ማሽን። ስለዚህ የምጽፈው ከናፍቆት ሊመስላችሁ ይችላል። ናፍቆትም አለበት፣ አልክድም። ግን ጽሑፋችሁ የዘለለው አንድ ነገር አለና እሱን ልናገር።

ድሬዳዋ ባቡር የደረሰላት ከተማ አይደለችም። ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። አጼ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለሙሴ ኢልግ የባቡሩን ውል ሲሰጡ ከጅቡቲ የሚነሳው ሐዲድ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ተራራው አስቸገረ፤ ወጪውም ከበደ። የፈረንሳዮቹ የባቡር ኩባንያ ቆላ ቆላውን ይዞ መጣና ታኅሣሥ 1895 ከተራራው ሥር፣ ደቻቱ ከሚባለው ደረቅ ወንዝ አሸዋ ዳር ደረሰ። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ነበር ያሏት። ከዚያ ገንዘቡ አለቀ። ኩባንያው ከሰረ፤ ሌላ ኩባንያ እስኪቋቋምና ሐዲዱ እንደገና እስኪቀጥል ድሬ ለዓመታት የመስመሩ መጨረሻ ሆና ቀረች። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። በዚያ መሀል ወርዶ የሚያድረው፣ በቅሎ የሚከራየው፣ መጋዘን የሚፈልገው ሁሉ እኛ ዘንድ ነበር። የኩባንያው ኪሳራ ለድሬ ሲሳይ ሆነ።

መስመሩ ካለቀ በኋላም ነገሩ አልተለወጠም። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ነው። ድሬ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ናት። በእንፋሎት የሚሄድ ባቡር ከባሕር ዳር ተነስቶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ ዳገቱን ወጥቶ እዚህ ሲደርስ ደክሟል። ውሃ ይፈልጋል። የላላ ብሎን አለው፣ የተበላ የብረት እግር፣ ማለትም ጎማ፣ አለው። ነጂው መተኛት አለበት፣ በሌላ መተካት አለበት። መንገደኛውም አቧራውን መታጠብ፣ መብላት፣ ማደር ይፈልጋል። ይሄ ሁሉ ድካም ለኛ እንጀራ ነበር። ሆቴሉ፣ ሻይ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ከዚራ ሰፈር ያለው የኩባንያ ቤት፣ መጋላ ሰፈር ያለው መደብር፣ ሁሉም የቆመው ባቡሩ ስለሚቆም ነው። ጨርቃ ጨርቅና ሲሚንቶ ፋብሪካዎቹም እዚህ የተተከሉት ሐዲዱ ስላለ ነው።

ስለ ወርክሾፑ ትንሽ ታገሱኝ። የተሰበረ ዕቃ ከፈረንሳይ እስኪመጣ ሁልጊዜ አይጠበቅም ነበር። እዚያው ይቀልጣል፣ እዚያው ይቀረጻል። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ መጥረጊያ ይዞ ይገባል፤ ሃያ አምስት ሲሞላው የባቡር እግር ይቆርጣል። የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። አባቴ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ገበያ ኦሮምኛ፣ ከሰፈር ሰው ጋር ሶማሊኛ ያወራል። ሲናደድ ግን በፈረንሳይኛ ነው። እናቴ ለምን እንደተናደደ ሳይገባት ይበርድለታል። ካሊፐሩን፣ ያቺን የብረት መለኪያውን፣ በመሐረብ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ነበር የሚይዘው። ከደረቱ የሚለየው ለመተኛት ሲሆን ብቻ ነው እላችሁ ነበር፣ ግን ትራሱ ሥርም አይቼዋለሁ። አንዴ እናቴ የገዛችውን አዲስ ምጣድ ለክቶ «በአንድ በኩል በሁለት ሚሊ ይወፍራል» ብሎ አስመለሳት። ነጋዴው ለወር ያህል ሲስቅብን ነበር።

ጡረታ ከወጣ በኋላ ቤታችን ሰው አይጠፋም። የወፍጮ ዘንግ የተሰበረበት ይመጣል። የውሃ ፓምፕ ይመጣል። በኋላ በኋላ ባጃጅ ይዘው መጡ። ከተማዋ ውስጥ ያሉት ቶርኖ ቤቶች፣ በየጋራዡ ያሉት ጎበዝ መካኒኮች፣ እነዚያን አሮጌ ፔጆ 404 ታክሲዎች ያን ያህል ዘመን ያስኬዱት ሰዎች፣ አብዛኞቹ ከዚያ ግቢ የወጡ ወይም ከዚያ ከወጣ ሰው የተማሩ ናቸው። ባቡሩ ሲቆም ትኬት መቁረጫው ብቻ አይደለም የተዘጋው። ትምህርት ቤት ነው የተዘጋው። የምስክር ወረቀት ስለማይሰጥ ማንም እንደ ትምህርት ቤት አልቆጠረውም።

ሞቱ ደግሞ የአንድ ቀን ሞት አልነበረም። በ1969 እና 70 በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ድልድዮቹ ተመቱ፣ መስመሩ ተቋረጠ። ተጠገነ። ጥር 1977 አዋሽ ላይ ባቡሩ ገደል ገብቶ ከ400 ሰው በላይ አለቀ። የዚያን ሰሞን ሰፈራችን ውስጥ ያልተለቀሰበት መንገድ አልነበረም። ከዚያም ቢሆን እየተንፏቀቀ ይሄድ ነበር። የሚገርመኝ የመጨረሻው ነው። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የአሰብ መንገድ ተዘጋና የአገሪቱ ዕቃ ጠቅላላ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። እኛ «በቃ፣ ዘመናችን መጣ» አልን። ዕቃው በእርግጥ መጣ። ግን በከባድ መኪና መጣ። መኪናው ደግሞ በአፋር በኩል፣ በጋላፊ በሚሌ አድርጎ ነው የሚያልፈው፤ ድሬን አያያትም። ያን ያህል ሥራ እያለ ባቡሩ በእርጅና ሞተ። አንዱ ሞተር ለሌላው መለዋወጫ እየሆነ ተፈታ። የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ሰጥቶ ጥገና ተጀመረ፤ ለውጭ ኩባንያ ሊሰጥ ነው ተባለ፤ ቀረ። በ2000ዎቹ መግቢያ ላይ፣ መጀመሪያ የአዲስ አበባው ወገን ቀጥ አለ፣ ቀጥሎ የጅቡቲው።

ከድሬ የባሰባቸውም አሉ። አይሻ፣ አዲጋላ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ። ባቡር ሲደርስ ገበያ ናቸው፣ ሲሄድ ጸጥ። ኤረር ላይ በመስኮት የሚገባው ብርቱካን፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የግመል ወተት የያዙ እናቶች። ኮንትሮባንዲስቷም ነበረች፤ ሦስት ቀሚስ ደራርባ ለብሳ፣ ፊናንስ፣ የጉምሩክ ፖሊሱ፣ ሲመጣ ያረገዘች ትመስላለች። ሕጋዊ ነው አላልኩም። ስንት ልጅ በዚያ ቀሚስ እንደተማረ ግን የድሬ ሰው ያውቃል።

አዲሱ ባቡር መስከረም 2009 ተመረቀ፣ በ2010 አገልግሎት ጀመረ። በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። ጥሩ ባቡር ነው፣ ተሳፍሬበታለሁ፣ ወንበሩም ይመቻል። ጣቢያው ግን ከከተማው ውጭ ነው፤ ወርዳችሁ ባጃጅ ፍለጋ ነው። እሱስ ይሁን፤ ባጃጅ ነጂውም ይብላ። ዋናው ልዩነት ይሄ ባቡር አይደክምም። ውሃ አይጠማውም። መሀል መንገድ ማደር አያስፈልገውም፤ ጠዋት የተነሳው ማታ ከዳር ይደርሳል። የቆምነው በድካሙ ነበር ካልኩ፣ የማይደክም ባቡር ምን ያደርግልናል? ዕቃ ያሳልፍልናል። ማሳለፍ ግን ማደር አይደለም።

ጽሑፋችሁ ያላየው ሁለተኛው ነገር፣ ባዶውን ቦታ ምን እንደሞላው ነው። ጫት ሞላው። ከአወዳይና ከሐረማያ ተነስቶ በየቀኑ ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሌ ምድር የሚሄደው ጫት አርሶ አደሩን፣ ነጋዴዋን፣ ሹፌሩን፣ ጫኙን፣ ፌስታል ሻጩን ሳይቀር ያበላል። ለመንቀፍ አይደለም፤ የምንበላው እሱን ነው። ግን ሰኔ 2006 እንግሊዝ ጫት የከለከለች ጊዜ አወዳይ ምን እንደተሰማት የሚያስታውስ ያስታውሳል። ሎንዶን ውስጥ የተፈረመ ወረቀት እዚህ የአንድን ገበሬ ማሳ ዋጋ አወረደው። ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ሰው ደግሞ ቡናውን ነገ መልሶ አያገኘውም። ነገ ጅቡቲ ብትከለክልስ? ብዬ ስጠይቅ ሰው ያፈጥብኛል። ባቡሩ ይቆማል ቢባልም እንዲሁ ያፈጡ ነበር።

ነሐሴ 2014 ነፃ የንግድ ቀጠና ተከፈተ። ኢንዱስትሪ ፓርኩም አለ። ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ወደ ደወሌ የሚወስደው አስፋልትም ተሠርቷል። ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ ነው። ግን አስተውሉ፤ ሁሉም ያዩት ወደ አንድ በር ነው። ከአገሪቱ ወጪና ገቢ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ በኩል ነው። መንግሥት ሌላ ወደብ እፈልጋለሁ እያለ ነው፣ መፈለጉም አግባብ ነው። የተገኘ ቀን ግን የድሬ መጋዘን ምን ይሆናል የሚል ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

እና ከናንተ የምፈልገው ይሄን ነው። «ድሬ ትነቃለች ወይስ አትነቃም» የሚለውን ተዉትና ሁለት ጥያቄ ጠይቁልን። አንደኛ፣ የአዲሱ ባቡር ጥገና ምን ያህሉ ድሬ ውስጥ፣ በድሬ ልጆች እጅ ይሠራል? ባቡሩ እዚህ አይደር፣ ግድ የለም፤ ሲታመም ግን እዚህ ይታከም። ሁለተኛ፣ አሮጌው ወርክሾፕ። ጎብኚ እየገባ ፎቶ ያነሳበታል፣ ጥሩ ነው። እዚያ ያሉት ማሽኖች ግን ለፎቶ ብቻ የተሠሩ አይደሉም። በነሱ ላይ የሠሩ ሽማግሌዎች ዛሬም ከዚራ ጥላ ሥር ዳማ ሲጫወቱ ታገኟቸዋላችሁ። በየዓመቱ ይቀንሳሉ። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ሃያ ልጅ መርጦ ከነሱ ጋር ለሁለት ዓመት ማስቀመጥ ምን ያህል ገንዘብ ይፈጃል? የወፍጮ ዘንግ፣ የፓምፕ ዕቃ፣ የፋብሪካ መለዋወጫ የሚሠራ ሰው ወደብ ቢቀየር፣ ጫት ቢከለከል ሥራ አያጣም። አባቴ ባቡሩ ከሞተ በኋላም ሥራ አላጣም።

ጸሐፊያችሁ ተመልሶ ለማየት ከፈለገ ይምጣ፤ ወርክሾፑንም ሽማግሌዎቹንም አሳየዋለሁ። ካሊፐሩም ቤት አለ፣ በመሐረቡ እንደተጠቀለለ። ከሰዓት በኋላ ብቻ አይምጣ። ሙቀቱ አይቻልም፣ ባጃጅ ነጂውም በዚያ ሰዓት ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የባቡር ሠራተኛ ልጅ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ