የቅርስ ክበብ፦ ዓመታችን በዋሻ ሚካኤል

የቅርስ ክበባችን ዘንድሮ ጊዜውንም ልቡንም የሰጠው በየካ ተራራ ላይ ከአለት ተፈልፍሎ ለተሠራው ለዋሻ ሚካኤል ነው። የአካባቢው አባቶች ከአብርሃና አጽብሃ ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው ይላሉ፤ ተመራማሪዎች ደግሞ ወደ መካከለኛው ዘመን ያቀርቡታል። ጣሪያው በከፊል ፈርሷል፤ ክረምት ሲገባ ውኃ ይተኛበታል።

ልጆቹ መጀመሪያ የጠየቁት ስንጥቁን በሲሚንቶ እንድፈን ብለው ነበር። ቅንነታቸው ደስ አሰኝቶኛል፤ ግን እጃችንን ከማንሳታችን በፊት የላሊበላን ታሪክ አነበብን። እዚያ በቀደመ እድሳት ውኃ እንዲከላከል ተብሎ ሬንጅ ተቀብቶ ነበር፤ በኋላ፣ ከ1966 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. በተካሄደው እድሳት፣ በጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የተመራው ቡድን ሬንጁን ማንሳት ግድ ሆነበት። ሲሚንቶም እንደዚሁ ነው። ከእሳተ ገሞራ አመድ የተፈጠረው አለት ለስላሳ ነው፤ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ይተነፍሳል። በላዩ እርጥበት የማያሳልፍ ነገር ሲለጠፍበት እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ድንጋዩን ከውስጥ ይፈረካክሰዋል። በዚያ ላይ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ማንም ቅርስ እንዳያድስ ይከለክላል።

ታዲያ በጎ ፈቃደኛ ምን ይሠራል? ለዚህ መልስ የሰጠን የእንግሊዙ ቦብ ዴቪ ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. ባለቤቱ በኖርፎክ ገጠር ጣሪያ አልባ ሆኖ በሐረግ የተዋጠ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አገኘች፤ እሱም ጡረተኛ ነበርና ማጽዳቱን ተያያዘው። በኋላ ከልስኑ ሥር በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ የተሣሉ የግድግዳ ሥዕሎች ሲገኙ ሥራውን የተረከቡት ባለሙያዎች ናቸው። እኔ ይህን የሥራ ክፍፍል እጅግ እወደዋለሁ።

እኛም በካህናቱ ፈቃድና በእነሱ ፊት የውኃ መውረጃውን ከደለል ጠረግን፣ በዙሪያው የበቀለውን አረም አጨድን። ከስንጥቅ ውስጥ የበቀለውን ቁጥቋጦ ግን አልነቀልንም፤ ሥሩ ድንጋዩን ጨብጦታልና ሲነቀል አብሮት ይወጣል። ከላይ ብቻ ቆረጥነው። ከልጆቹ አንዷ ሥሩን ስትጎትት ያዩ አንድ አባት፣ «ልጄ፣ እሱን ተዪው፤ እሱ ነው የያዘው» ሲሏት ክፍል ውስጥ ደጋግሜ ያስረዳሁት ነገር ያኔ ገባት።

ከሁሉ የምኮራው ግን በመዝገባችን ነው። የ10ኛ ክፍል አባላት የእያንዳንዱን በርና መስኮት ልክ በሜትር ወስደው ነደፉ፤ ስንጥቆቹን ከነርዝመታቸው አሰፈሩ፣ ከአንድ ቦታ ቆመው ከበጋ እስከ በልግ ፎቶግራፍ አነሡ። ወደፊት መሐንዲስ ሲመጣ ስንጥቁ ሰፍቶ እንደሆነ ከዚህ መዝገብ ማየት ይችላል። አንዱ ቅጂ ለደብሩ ተሰጥቷል።

በመጪው ዓመት ሥራው ይቀጥላል። ከወላጆችና ከየካ ነዋሪዎች መካከል የዋሻ ሚካኤል የቆየ ፎቶግራፍ ያለው ቢኖር ለክበቡ እንዲያሳየን በአክብሮት እንጠይቃለን፤ የጣሪያው ጠርዝ ከመቼ ወዲህ እንደረገፈ የምናውቀው ከእነዚያ ነው።