«ካስፈለገ እንደገና ይቆጠራል» ለሚሉ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት የአትላንታ ከንቲባ ምርጫ ወደ መለያ ዙር (ማንም ከግማሽ በላይ ድምፅ ሳያገኝ ሲቀር ሁለቱ መሪዎች ብቻ እንደገና ወደሚወዳደሩበት) ባመራ ቁጥር በማኅበረሰባችን ዘንድ «ልዩነቱ ጠባብ ከሆነ እንደገና ይቆጠራል» ሲባል ይሰማል። ቆጠራው ያን ያህል የሚታመኑበት ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ካሲም ሪድ ሜሪ ኖርዉድን የረቱት በ714 ድምፅ ነው። በ2017 ደግሞ ኪሻ ላንስ ቦተምስ እኚህኑ ተፎካካሪ ያሸነፉት ከ92 ሺህ በላይ ሰው ድምፅ ሰጥቶ ከ850 ባነሰ ብልጫ ነበር። ሁለቱም ጊዜ እንደገና ተቆጠረ፤ ያሸነፈው አሸናፊነቱ ጸና።

በዚያ ላይ ሕጉ ጠበቅ ብሏል። ያኔ ድጋሚ ቆጠራ ለመጠየቅ የልዩነቱ ጣሪያ 1 በመቶ ነበር፤ አሁን በጆርጂያ 0.5 በመቶ ነው። በ92 ሺህ ድምፅ ሲሰላ 460 ገደማ መሆኑ ነው። እነዚያ ሁለት ምርጫዎች ዛሬ ቢደረጉ ተሸናፊዋ የመጠየቅ መብት እንኳ አይኖራቸውም። መብቱ ያለውም ቢሆን ውጤቱ በይፋ በጸደቀ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካላመለከተ አለቀ።

ድምፅ የሚባክነው በሁለቱ ዙሮች መካከል ባሉት አራት ሳምንታት ነው። የታንክስጊቪንግ (የምስጋና ቀን) በዓል ብዙውን ጊዜ እዚያው መሃል ይውላል፤ የቅድሚያ ድምፅ መስጫው ቀንም ከመጀመሪያው ዙር ያጠረ ነው። በብዛት የሚያሳስተው የፖስታው ነገር ነው። ለመጀመሪያው ዙር በፖስታ የመረጠ ሰው ለመለያው የምርጫ ወረቀቱ ራሱ የሚመጣለት ይመስለዋል። አይመጣም! ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ አካል ጉዳተኞችና የጦር ሠራዊት አባላት ማመልከቻው ላይ ለቀሪዎቹ ምርጫዎች ጭምር ካመለከቱ ይላክላቸዋል፤ ሌላው እንደገና ማመልከት አለበት፤ ማመልከቻውም ከምርጫው 11 ቀን አስቀድሞ መድረስ አለበት። የአብዛኛው መራጭ የተሞላ ወረቀት ምርጫ ጣቢያ ሳይዘጋ ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) እጅ ይግባ እንጂ የፖስታ ቤት ማኅተም ቀን አያድነውም። ፖስታው ላይ ፊርማ ወይም የመታወቂያ ቁጥር ከጎደለ ለማስተካከል ያለው ጊዜ ሦስት ቀን ብቻ ነው።

በዕለቱ መታወቂያ ረስቶ የመጣ ሰው ፕሮቪዥናል (ጊዜያዊ) በሚባለው ወረቀት ይመርጣል፤ በሦስት ቀን ውስጥ መታወቂያውን ለካውንቲው ካላሳየ ድምፁ አይቆጠርም። (ጊዜው ያለፈበት የጆርጂያ መንጃ ፈቃድ ይሠራል፤ ይህን ሳያውቁ ቤት የሚቀሩ አሉ።) ከተማዋ ፉልተንና ዲካልብ ካውንቲዎች ውስጥ ስላለች የአንዱ ነዋሪ በሌላው ጣቢያ መምረጥ አይችልም።

ለእኛ ሰው ደግሞ የተለየ ችግር አለ። ዲካልብ ካውንቲ ውስጥ የፖስታ አድራሻቸው «አትላንታ» የሚል፣ ነገር ግን ከከተማዋ ወሰን ውጭ የሚኖሩ ብዙ ናቸው፤ ከንቲባዋን መምረጥ አይችሉም። ክላርክስተንም የራሷ ከንቲባ ያላት ከተማ ናት። በጆርጂያ ግዛት የምርጫ ድረ ገጽ ስም፣ ካውንቲና የትውልድ ቀን አስገብቶ የትኛው ከተማ መራጭ እንደሆኑ ማየት ደቂቃ አይፈጅም።

ለመጀመሪያው ዙር ያልተመዘገበ በመለያው ሊመርጥ አይችልም፤ ተመዝግቦ በመጀመሪያው ያልመረጠ ግን ይችላል። በ2021 አንድሬ ዲከንስ ካሲም ሪድን በ600 ድምፅ ገደማ ቀድመው ሁለተኛ ባይወጡ ኖሮ ለመለያው አይደርሱም ነበር፤ ከዚያ በሰፊ ብልጫ አሸነፉ። ስለዚህ ጋዜጣችሁ የሁለቱንም ዙር ቀኖች፣ የማመልከቻውን የመጨረሻ ቀን ጨምሮ፣ ምዝገባው ሳይዘጋ በፊት ገጹ ቢያወጣ መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ፣ አትላንታ