ለፍየሏ እህቴ

እህት ዓለም፣

አራት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ በምን አፌ እንደምጽፍልሽ አላውቅም። ለመጨረሻው መልእክትሽ ነገ እመልሳለሁ እያልኩ ሰነበትኩ፤ ከዚያ ደግሞ መዘግየቴ ራሱ አሳፈረኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ቁጣሽን ስንገናኝ እቀበላለሁ፤ አሁን ጉዳይ አለኝ።

አረም እየበላሁ ነው።

ሳቂ፣ ይገባሻል። ሰው ሁሉ ባለበት «ፍየሏ» ብዬ ስም ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ። ያን ቀን ፊትሽ ሲለዋወጥ አይቼ ነበር። አይቼም ቀጠልኩ።

የጀመርኩት ዳንዴሊዮን በሚባለው ባለቢጫ አበባ አረም ነው። ስሙ ከፈረንሳይኛው «የአንበሳ ጥርስ» የመጣው ቅጠሉ ዙሪያውን ስለተሸረካከተ መሆኑን ነግረሽኛል። ፈረንሳዮቹ «አልጋ ላይ ሽናበት» የሚል ሌላ ስም እንዳወጡለት ግን ደብቀሽኛል! ሽንት እንደሚያበዛ እኔው በሌሊት ደረስኩበት። ምሬቱን ለመቀነስ ለጋውን ብቻ እየቀጠፍኩ፣ ቀቅዬ ውሃውን እየደፋሁ፣ በነጭ ሽንኩርት አቁላላዋለሁ፤ ይጥማል። ሥሩን ቆልቼና ፈጭቼ አፈላሁት። እንደ ቡና ይሆናል ያልሽውን ግን እግዜር ይይልሽ።

ቅጠሉ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስለውን አመድማዶም አስከተልኩ። ባለቤቴ ብቻ አይቀምስም፤ የኩላሊት ጠጠር አሠቃይቶት ስለነበር፣ ጠጠር የሚያባብሰው ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር ይበዛበታል ብዬ ከለከልኩት። ደስ ያለው መሰለኝ።

የሚያስጽፈኝ ግን ትንሹ ልጄ ነው። አንቺ የምታውቂው ሲድህ ነበር፤ አሁን አምስት ዓመቱ ነው፤ ከእኔ ኋላ ኋላ እያለ አረም ይለቅማል። ሐሙስ ጠዋት በሌሊት ልብሱ ወጥቶ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ፐርስሌን የሚባለውን የሚበላ አረም አመጣልኝ። ጠዋት የተቀጠፈው ከማታው ይልቅ ይኮመጥጣል ብዬው ስለነበር ነው መቸኮሉ። እንዴት ያምር ነበር መሰለሽ! ግንዱ ቀላ ያለ፣ ቅጠሉ ውሃ ቋጥሮ የወፈረ። አጥቤ መቆራረጥ ጀመርኩ። ከአንዱ ግንድ ጫፍ ነጭ ጠብታ ብቅ አለ። ወተት።

እጄ ቀጥ አለ። ስለ ወተት አንድ ነገር ብለሽኝ ነበር፤ ግን ምን? ዳንዴሊዮንም ሲቆረጥ ወተት ያወጣል፣ እሱን መብላት ከጀመርኩ ደግሞ ወር አልፎኛል። ግንዱን ወደ መስኮቱ ይዤ ሄድኩ። ቅጠሉ ስስ ነው፣ መሃሉ ላይ ጠቆር ያለ ቀይ ነጥብ አለው፣ ግንዱም ጠጉራም ነው። የቁልቋል ዘመድ! ፐርስሌን ወተት የለውም፤ ያልሽኝ ይህንን ነበር፣ አይደል? ወጥቼ ሳይ ሁለቱ መሬት ለመሬት ተጠላልፈው በቅለዋል።

«ከዚህ ውስጥ ቀምሰሃል?» አልኩት።

«አንድ ብቻ።»

«የትኛውን?»

ትከሻውን ነቀነቀ።

አፉን አጠብኩት፣ ሐኪም ዘንድ ደወልኩ፣ ሌሊቱን አጠገቡ ተቀምጬ አነጋሁት። ምንም አልሆነም። እሱ እንቅልፉን ሲለጥጥ አደረ፤ ጠዋት ሳህኑ ባዶ መሆኑን ሲያይ ግን አኮረፈኝ፣ እስከ ዛሬም አልታረቀኝም። እኔ ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ የለመድኩትን ቅጠል እንኳን ሁለት ሦስት ጊዜ ሳላገላብጥ አፌ አላደርገውም። አንቺ ስታስተምሪኝ እኔ እየሳቅኩብሽ ግማሹን አልሰማሁም፤ ለልጁ ያስተማርኩት የቀረውን ግማሽ ነው።

እንዴት ብዬ ልበልሽ... ነይልኝ። ልጁን ይዘሽ ግቢውን ዙሪልኝ፤ ግንዱን እየሰበርሽ አሳዪው። እኔም ከኋላ እከተላለሁ፣ አፌን ዘግቼ። እስከዚያ ምንም እንዳይቀጥፍ ነግሬዋለሁ፤ በተለይ ከአጥሩ ሥር፣ ጎረቤታችን የአረም ማጥፊያ ይረጭበታልና።

ዳንዴሊዮኖቹ እምቡጥ ይዘዋል። አበባው ከፈነዳ ቅጠሉ እንደሚመር ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ስለዚህ አትዘግዪ።

ሰበብ ነው። አበባውም ይበላል፤ ብትዘገዪም ነይ።

ያንቺው፣
አዲሷ ፍየል