ሽማግሌ አልልክልህም

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ፤ አባትህም ደህና ነው።

በዚህ በወሲብ ነገርህ ከሚስትህ ጋር ስለተጣላችሁ፣ ሽማግሌ መርጬ ወደ ወላጆቿ እንድልክ የጠየቅከኝን አስቤበታለሁ። አልልክም። ተቆጥታ ነው እንዳትል፤ መቆጣቱንስ ተቆጥቻለሁ፣ ምክንያቱ ግን እሱ አይደለም። ሽማግሌ የሚፈታው ነገር አለ፤ የዘመድ ጣልቃ ገብነት፣ የገንዘብ ጭቅጭቅ፣ በሞቅታ የወጣ ስድብ። ያንተን ነገር ይዘው ጋቢያቸውን ደርበው ቢቀመጡና «ልጄ፣ ምን በደለሽ?» ቢሏት ምን ብላ ትመልስ? አባቷ በተቀመጡበት የመኝታ ቤቷን ገበና፣ የፔንስዮኑን ስም፣ ስልክህ ላይ ያየችውን የቴሌብር መልእክት ታውጣው? አታወጣውም። ዝም ትላለች። ዝም ስትል ደግሞ ጥፋቱ የሷ ይመስላል፤ «በይ ለእግዜር ስትይ» ተብላ ትመለሳለች፣ አንተም እፎይ ትላለህ። ከዚያስ? ባለፈው ዓመት እኔና አባትህ ፊት ምለህ ከታረቃችሁ በኋላ የሆነውን ታውቀዋለህ።

ስለዚህ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ መሄዱ ይቀድማል። እሷ ራሷ አንድ ቀን «አሁን ሰው ይግባበት» ካለች ሽማግሌ የማጣ ሴት አይደለሁም።

እናት ለወንድ ልጇ እንዲህ ያለ ነገር አትጽፍም እንደሚባል አውቃለሁ። አባትህ እንዲጽፍልህ ብለምነው ሬድዮኑን ከፍ አደረገው። እኔ ግን ዕድሜዬን የፈጀሁት በአእምሮ ሕሙማን ክፍል ነርስነት ነው፤ ስለ ወሲብ ሰው መጠየቅ የደም ግፊት ከመለካት ለይቼ አላየውም። አንተም አትፈር፤ ያፈርክበትን ያህል ደብቀኸዋል፣ የደበቅከውን ያህልም አድጓል።

«የወሲብ ሱስ ነው የያዘኝ» ብለህ ጽፈህልኛል። ሊሆን ይችላል፤ ግን አንተም ሆንክ እኔ የምንወስነው አይደለም። ስሙ ላይ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ገና አልተስማሙም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያጸደቀውና ከ2022 መግቢያ ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የበሽታዎች መዝገብ፣ የወሲብ ግፊትን መቆጣጠር ማቃትን በሕመምነት አስፍሮታል፤ ያስቀመጠው ግን ከመጠጥና ከቁማር ሱስ ጋር ሳይሆን ግፊትን መግታት ከሚያቅትባቸው ሕመሞች ተርታ ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ በ2013 እ.ኤ.አ. የሕመሞች መለያ መመሪያውን ሲያድስ ተቀራራቢ ሐሳብ ቀርቦለት ሳይቀበለው ቀርቷል። ክርክሩ የነሱ ነው። ለአንተ የሚጠቅምህ መዝገቡ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ስንት ጊዜ አደረግክ አይልም። 6 ወርና ከዚያ በላይ ለሆነ ጊዜ፣ ደጋግመህ ላቁም እያልክ አቅቶሃል ወይ? ሥራህን፣ ጤናህን፣ ቤትህን እያስረሳህ የኑሮህ እምብርት ሆኗል ወይ? ጉዳቱን እያየህ፣ ደስታው እንኳ ጠፍቶ፣ ትቀጥላለህ ወይ? የሚለው ይህንን ነው።

አንድ ሌላ ነገርም ይላል፤ ለኛ አገር ሰው በጣም አስፈላጊ ስለሆነ ልብ ብለህ አንብበው። ጭንቀቱ የመጣው «ኃጢአት ሠራሁ» ከሚል ስሜት ብቻ ከሆነ ሕመም አይባልም። አንድ ወጣት ስልኩ ላይ ያየው ምስል ጸጽቶት ሌሊቱን ቢያለቅስ ያ የኅሊና ነገር ነው፤ የንስሐ አባቱ ይበቁታል። ያንተ ከዚህ ያለፈ ይመስለኛል። የደመወዝህ ቀን ቤት አለመግባትህን፣ ከሥራ ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ መቀበልህን፣ ከልጅህ ልደት መቅረትህን ስደማምረው ኃጢአት በሚለው ቃል ብቻ የሚያልቅ አይደለም። ቢሆንም አንተን የማየው እንደ እናት ነው፤ ስለዚህ ዓይኔን አትመን።

ንስሐህን አልነካብህም፤ የንስሐ አባትህም የሰጡህን ስግደት ስገድ። የማልቀበለው ግን «ሁዳዴን ሙሉ ታቅቤያለሁ፣ ድኛለሁ» ማለትህን ነው። 55 ቀን ጾምክ፤ ፋሲካ ከዋለ ሳምንት ሳይሞላ ምን ሆነ? ይህን ዓይነቱን ብዙ አይቻለሁ። ሰውየው ጥርሱን ነክሶ ይቆያል፣ ከዚያ ባንዴ ይፈነዳል፣ ቀጥሎ ጸጸት ይመጣል፣ ጸጸቱ ሲያንገበግበው ማደንዘዣ ይፈልጋል፤ የሚያውቀው ማደንዘዣ ደግሞ ያው ያቃጠለው ነገር ነው። መታቀብ ዙሩን ያረዝመው ይሆናል እንጂ አይሰብረውም። ፍላጎት እንዲሞትብህም የሚፈልግ የለም፤ ሚስት ያለህ ሰው ነህ።

እንግዲህ ባለሙያው ዘንድ ምን ይሆናል? አብዛኛው ሰው ተቆጥተው የሚያስወጡት ወይ መርፌ የሚወጉት ይመስለዋል። የመጀመሪያው ቀን ጥያቄ ብቻ ነው። ስንት ሰዓት ትተኛለህ፣ ትጠጣለህ ወይ፣ ጫት ትቅማለህ ወይ፣ ምን መድኃኒት ትወስዳለህ። ከነገሩ ጋር የማይገናኝ ሊመስልህ ይችላል፤ ይገናኛል። አንዳንዱ ሰው ላይ ይህ ጠባይ ብቻውን አይመጣም፤ ለቀናት ሳይተኛ፣ ወሬው ፈጥኖ፣ ገንዘብ እየበተነ፣ ሁሉን እችላለሁ እያለ ከሆነ የባይፖላር ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሕክምናው ፈጽሞ ሌላ ነው። ለፓርኪንሰን የሚታዘዙ አንዳንድ መድኃኒቶችም ጨዋ የነበረን አዛውንት እንዲህ ሲያደርጉ ይታወቃል፤ ቤተሰብ «በስተርጅና ባለገ» ይላል፣ ሐኪሙ መድኃኒቱን ሲያስተካክለው ይረጋጋል። ከጀርባው ድብርት ወይም በልጅነት የደረሰ ጥቃት የሚገኝበትም አለ። እኔ የማላውቀው ነገር ደርሶብህ ከሆነ ለኔ መንገር ግዴታህ አይደለም፤ እዚያ ግን ተናገረው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ አሰልቺ ነው፤ ፊልም ላይ እንደሚታየው በአንድ ለቅሶ የሚያልቅ አይደለም። ግፊቱ በመጣብህ ቁጥር ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደነበርክ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደተሰማህ ደብተር ላይ እንድትጽፍ ይነግሩሃል። መጀመሪያ «ዝም ብሎ ነው የሚመጣው» ትላለህ። ሳምንታት ሲያልፉ ዝም ብሎ እንደማይመጣ ራስህ ታነበዋለህ፤ አለቃህ የተናገረህ ቀን፣ ብቻህን ያመሸህበት ማታ፣ ከሚስትህ ጋር ተኳርፈህ ሳሎን የተኛህበት ሌሊት ይሆናል። ግፊቱ ካልታዘዙት ከፍ ብሎ ከፍ ብሎ መልሶ እንደሚወርድም እዚያ ትለማመዳለህ፤ እስከዛሬ ጫፍ ሲደርስ ስለምትታዘዘው ሲወርድ አይተኸው አታውቅም። በቴሌግራም የተቀመጡትን ስልኮችና ቡድኖች መደምሰስ፣ ደመወዝህ የሚገባበትን ሂሳብ ማስተካከል፣ ከሥራ የምትመለስበትን መንገድ መቀየር፤ እነዚህም አሉ። ለዚህ ሕመም ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት የለም። ሐኪሙ ድብርት ወይም ጭንቀት ካየብህ ለዚያ የሚሰጠው መድኃኒት ግፊቱንም የሚያረግብበት ጊዜ አለ፤ ለመጠጥ ሱስ የሚታዘዘውን ናልትሬክሶን የሚባል መድኃኒትም የሚሞክሩ አሉ። ጓደኛህ ነግሮህ ከፋርማሲ ገዝተህ እንዳትጀምር።

አሁን ወደ ሚስትህ ልመለስ፤ ከሁሉም በላይ ልነግርህ የፈለግሁት የሷን ነው። እሑድ መጥታ ነበር። ሽንኩርት እየከተፈችልኝ ሳለ ስልክ ጮኸ፤ የኔው ስልክ ነው፣ የዕቁብ ጸሐፊያችን ናት የደወለችው። ምራቴ ቢላዋውን ጣል አድርጋ እጇን ደረቷ ላይ ጫነች። የኔ ስልክ ሲጮህ! አንተ ስልክህን ገልብጠህ ከሞሰቡ አጠገብ ታስቀምጥ የነበረው እስከዚህ ደርሷል። ከስታለች። ሌሊት አትተኛም። «እማዬ፣ ምን አጥቶብኝ ነው?» አለችኝ። ምንም አላጣብሽም አልኳት፤ እውነቴን ነው። ይህ ነገር ሚስት ቆንጆ ስለሆነች የሚቆም፣ አስቀያሚ ስለሆነች የሚጀምር አይደለም።

ይበልጥ የጎዳት ያደረግከው ሳይሆን አነጋገርህ ነው። መጀመሪያ «ምስል ብቻ ነው» አልካት። ቆየት ብለህ «ከአንዷ ጋር ተጻጽፌያለሁ» አልክ። ቀጥሎ ፔንስዮኑ መጣ። እየቆነጠርክ ስትነግራት አንድ ቁስል በየወሩ አዲስ ቁስል ሆነባት፤ አሁን ያልተናገርከው ስንት እንደቀረ ነው የምታሰላው። ልምድ ያለው አማካሪ ይህንን የሚያስኬድበት ሥርዓት አለው። አንተ ተዘጋጅተህ፣ እሷም የራሷን ደጋፊ ይዛ፣ ማወቅ የምትፈልገው በአንድ ጊዜ ይነገራል። ልክ ልኩን ሁሉ አይዘረዘርም፤ ዓይኗ ላይ የሚቀር ሥዕል ሰጥተሃት አትሂድ። እስከዚያ ድረስ ግን አዲስ ውሸት አትጨምር። ለሷም የራሷ አማካሪ ያስፈልጋታል፤ ካንተ ጋር መቀመጡ በኋላ የሚመጣ ነው፣ ከመጣም።

«ስልኬን በየማታው ትፈትሽ፣ ይለፍ ቃሉን ሰጥቻታለሁ» ብለህ እንደ ውለታ ነግረኸኛል። ስልክህን መክፈትህ ባልከፋ፤ አንተን የመጠበቁን ሥራ ለሷ ማሸከምህ ነው የከፋው። ቀን ቢሮ ውላ፣ ማታ ልጅ አስተኝታ፣ ከዚያ ያንተ ፖሊስ ትሁን? ሕመም ነው መባሉም ዕዳውን አያነሳልህም። የታመመ ሰው መታከም የራሱ ፈንታ ነው።

ሳትውል ሳታድር ግን የደም ምርመራ አድርግ፤ ኤችአይቪ ብቻ ሳይሆን ቂጥኝና የጉበት ቫይረሱንም። ነፃ ነህ ቢሉህም ከመጨረሻው ግንኙነት 3 ወር ሲሞላ ይደገማል። እግዜር አይበለውና ዳግመኛ ብትሳሳት፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረስክ የሚሰጥ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት አለ። ውጤቱን ራስህ ለሷ ንገራት፤ እሷም ልትመረመር ይገባታል፣ ስትሄድ እኔ አብሬያት እሆናለሁ።

ባለሙያ መምረጡ ላይ ሰው ምን ይለኛል አትበል። «አማኑኤል ገባ» ተብሎ ስም የወጣለትን ሁሉ ብትቆጥር ከኛ ሰፈር ብቻ ስንት ሰው ታገኛለህ፤ ድነው ልጆቻቸውን ድረዋል። የሥነ አእምሮ ሐኪም መጀመሪያ ይይህ፣ ከዚያ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ትቀጥላለህ። ፊት ለፊት ከከበደህ በቪዲዮ የሚሠሩም አሉ። ምን እንደተማረ፣ በእንዲህ ያለ ጉዳይ ሠርቶ እንደሚያውቅ በቀጥታ ጠይቀው፤ የሚከፋው ከሆነ ይክፋው። በመጀመሪያው ቀን ስብከት የሚጀምርልህን ተወው። «ወንድ ልጅ እኮ እንዲህ ነው» ብሎ የሚስቅልህን ደግሞ ከዚያም ቀድመህ ተወው። ምን ያህል ምስጢር እንደሚጠብቅም አስረዳኝ በለው፤ ሕይወትህ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ካልሆነ በቀር የነገርከው ከክፍሉ መውጣት የለበትም።

ራስህን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብህ ያውቅ እንደሆነ ልጠይቅህ እፈልጋለሁ። ሥራዬ ላይ ሳለሁ ከሱሱ ይልቅ እፍረቱ የገደላቸው ወንዶች አይቻለሁ። ከመጣብህ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ደውልልኝ፤ አባትህን ቀስቅሼ እንመጣለን፣ ምንም አንጠይቅህም።

ክፍያው ከበደኝ እንዳትል ዕቁቤ በሚቀጥለው ወር ይደርሰኛል። ለአንተ ወይም ለምራቴ አልሰጥም፤ ባለሙያው ሂሳብ ላይ ነው የማስገባው፣ ለሁለታችሁም።

ልጅህን ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ጋ ታገኛታለህ፤ ከእናቷ ጋር ተነጋግረናል። የሒሳብ የቤት ሥራ አላት፣ የዛሬ ልጆች ትምህርት ለኔ አይገባኝም፤ ደብተሯን አብረሃት እይላት። የቀጠሮህን ቀንና ሰዓት ከዚያ በፊት ጻፍልኝ።

እናትህ